አሬራ የጠጣችው የፕላስቲክ ዓሣ

ማርች 3፣ እሑድ

ዝናብ። ሰባኪው ስለ ትዕግሥት ሰበከ፤ እስኪጨርስ ድረስ በተግባር ተማርነው። የወጥ ቤቱ ቧንቧ አሁንም ይንጠባጠባል። ሰው መጥራት አለብኝ።

ከሰዓት በኋላ ሮይስ ቲድዌል መጣ። ባስ የሚባለውን የሐይቅ ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች ክለብ ፕሬዚዳንት ነው። በሥራ ቀን ኢንሹራንስ ይሸጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የማያውቀው ድርጅት ሁሉ ስም የተሰፋበት ሸሚዝ ለብሶ፣ ከቤቱ የሚበልጥ ዋጋ ያላት ጀልባ ይነዳል። ሚስቱ የላከችውን ዶሮ በሩዝ ይዞ ነበር፣ በፎይል ተሸፍኖ።

"ሚስ ቨርና፣ እንዴት እየቻሉት ነው?" አለኝ።

ደህና ነኝ አልኩ። ኬክ አቀረብኩ። ባለቤቴ ሆይት ምን ዓይነት ሰው እንደነበር አጫወተኝ… አርባ ዓመት አብሬው ስኖር ያልሰማሁትን ሁሉ። ዓይኑ ግን ከጋራዡ በር አልተነቀለም። ቀጥሎ መጸዳጃ ቤት ልጠቀም ብሎ ተነሣና ጋራዥ ገባ። ቤቱን እንደ እጁ መዳፍ ነው የሚያውቀው። መጸዳጃ ቤቱ ቦታ ቀየረ እንዴ?

ሆይት የሞተው በገና ሰሞን ነው። ጃንዋሪን በሙሉ በሬን ያንኳኳ አልነበረም። ማርች ገባ፣ ውሃው ሞቅ አለ፣ ዓሣው ወደ ዳር መጣ… ያን ጊዜ ሐዘናቸው ተነሣባቸው።

ማርች 6፣ ረቡዕ

ዛሬ ደግሞ ሌሎች መጡ። ፍሪጁ በዶሮ ብዛት አልዘጋ ብሏል። እያንዳንዱ ስለ ሆይት የራሱ ወግ አለው፤ ሁሉም ወግ የሚያልቀው ግን አንድ ቦታ ነው። ነጯ ዓሣ ላይ።

ሆይት ባለፈው ዓመት የክለቡን ውድድር በሙሉ ያሸነፈው በአንዲት ማጥመጃ ነው። ከእጄ አንጓ እስከ ጣቴ ጫፍ የምትሆን፣ እንደ ረጠበ ሳሙና የምታሟልጭ ነጭ የፕላስቲክ ዓሣ። ሱቁ ውስጥ ሞልታለች። ሁሉም ገዝቷታል። የእነሱ ውሃ ውስጥ እንደ ፎጣ ትሽከረከራለች፣ የሆይት ግን እንደ ታመመ ዓሣ ትዋኛለች። ለምን? ይኼው ነው ጥያቄው።

ማስታወሻ ትቶ ይሆን ወይ? ዕቃውን ማየት ይቻላል ወይ? በሕልምዎ አልመጣም ወይ? (ይሄን የጠየቀው የቤተ ክርስቲያናችን ገንዘብ ያዥ ነው።)

"እርስዎስ ያውቃሉ?" ያለኝ የለም። አንድ እንኳ።

ማርች 7፣ ሐሙስ

እንግዲህ ለራሴ ልጻፈው፣ ሌላ የሚሰማኝ ስለሌለ።

ባለፈው ጸደይ የሆይት እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሐኪሙ ስም ሰጠው፣ ኪኒን ሰጠው። እጁ ግን መንቀጥቀጡን አልተወም። መንጠቆ መያዝ አቃተው። ስለዚህ እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስገባለት ጀመር። ስፌት የሚያውቅ ሰው አይቸገርም። መንጠቆውን በአፍንጫዋ አስገብቶ በአገጯ በኩል ማውጣት፣ እስከ መንጠቆው ራስ መሳብ፣ ማዞር፣ ከዚያ ጫፉን በሆዷ አስገብቶ በጀርባዋ ማውጣትና ቆዳዋ ላይ ማስተኛት፣ የውሃ ሣር እንዳይዘው። ቁም ነገሩ ጫፉ የሚገባበትን ቦታ ቀድሞ መለካቱ ነው። ትንሽ ወደ ኋላ ከሄደ ትጎብጣለች፣ ወደ ፊት ከመጣ ትጨማደዳለች። እንደ መጋረጃ ጠርዝ ነው… ከተጣመመ ተጣመመ።

ሁለተኛው ምስጢር ይበልጥ ያሳፍራል። ኪኒኑ እንቅልፍ ያመጣበት ነበር። ዓሣዋን ይወረውራል፣ ነቅነቅ፣ ነቅነቅ ያደርጋታል… ከዚያ ያንቀላፋል። በጥቁር መነጽሩና በባርኔጣው ስር ሆኖ ከሩቅ ለሚያየው ጸሎት ላይ ያለ ይመስላል። እሷ ቀስ ብላ ወደ ሣሩ ትሰምጣለች። ባስ ደግሞ እየሮጠ ያለ ነገር ብዙ አይማርከውም፣ የሞተ የመሰለውን ነው የሚወድ። መጥቶ ይጎርሳታል። እኔ "ሆይት፣ ክሩ እየሄደ ነው" እላለሁ። እስኪነቃ፣ እስኪያዛጋ፣ ዘንጉን እስኪያገኝ ድረስ ባሱ በደንብ ውጧታል። ሌላው ሰው ባሱ ሲነካው ደንግጦ ይጎትታል፣ ከአፉ ይነጥቃታል። ሆይት የሚደነግጥበት ጊዜ አልነበረውም።

የሐይቃችን ባለ ዋንጫ ይኼ ነው። እንቅልፋም።

ማርች 9፣ ቅዳሜ

ገበያ ላይ ዴልመር ጋንን አየሁት። ሲያየኝ ወደ ሳሙናው መደርደሪያ ታጠፈ። ዴልመር ሳሙና ይመርጣል?

ከሆይት ጋር ከወጣትነታቸው ጀምሮ በአንድ ጀልባ ነው ያጠመዱት። ባለፈው ጸደይ ሆይት በአንድ የስልክ ጥሪ ከጀልባው አወረደው። "ዘንድሮ ከቨርና ጋር ነው የምወጣው" አለው፣ ሌላ ምንም አልጨመረም። እኔ በጀልባው እንደ ታዛቢ ነበር የምሄድ፤ ሴት ዘንግ እንድትይዝ ደንባቸው አይፈቅድም። ዴልመር ለምን ብሎ አልጠየቀም። ቀብር ላይ ቆመ፣ ባርኔጣውን ይዞ፣ ከሁሉም ኋላ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም።

ዶሮ ያላመጣልኝ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ማርች 14፣ ሐሙስ

ሮይስ ተመልሶ መጣ። ዛሬ ደከመኝ። እጁን ሳልጠቅስ (ሆይት ስለ እጁ ለማንም እንዳልናገር አስምሎኛል) የቀረውን እውነት ነገርኩት። ዓሣዋን መንጠቆ ላይ የማስገባት እኔ ነበርኩ፣ እሱ ይተኛ ነበር አልኩት።

ፈገግ አለና እጄን መታ መታ አደረገ።

"ገባኝ ሚስ ቨርና። ለባልዎ ታማኝ ነዎት። ይሄ ያኮራል።"

ኬኩን ጨርሶ ሄደ።

ማርች 16፣ ቅዳሜ

ዛሬ ያደረግሁትን ለማመን እኔም ይከብደኛል።

የእሑድ ዶሮ አሬራ ውስጥ እየዘፈዘፍኩ ሳለ ሮይስ ደወለ። ስልኩ በትከሻዬ ተይዟል፣ እጄ እስከ ክርኔ አሬራ ነው። አንድ ቃል ብቻ ይንገሩን፣ ለክለቡ፣ ለሆይት መታሰቢያ… እያለ ይለማመጣል። እጄን አየሁ።

"ዓሣዋን አሬራ ውስጥ ያሳድራት ነበር" አልኩ።



"አሬራ?" አለ፣ በሹክሹክታ።

"ከትንሽ ቁንዶ በርበሬ ጋር።"

ሲጽፍ ሰማሁት። እስክሪብቶው ወረቀቱን ሲፍቅ።

ማርች 17፣ እሑድ

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አንገቴን ደፍቼ ዋልኩ። ለምሳው ይዤ ስለሄድኩት ዶሮ ግን ሁሉም አመሰገነኝ።

ማርች 25፣ ሰኞ

ሮይስ ቅዳሜ ዕለት ትልቅ ባስ ይዟል። ክብደቷ ስድስት ፓውንድ አልፏል ይላሉ። በአሬራዋ ዓሣ። እንዴ… የመራቢያ ወቅት ነው፣ ባሱ ሁሉ ዳር ወጥቷል፣ በዚህ ሳምንት የጫማ ማሰሪያ ብትጥልለትም ይይዛል! ግን ማን ይሰማል? ከተማው በሙሉ አሬራ እያለ ነው።

የአሬራውን ሥራ በየአቅጣጫው ማሻሻል ጀምረዋል። አንዱ ሞቅ ያደርገዋል። ሌላው ሙሉ ስቡ ያልወጣለት ይሻላል ይላል። በነዳጅ ማደያው ሁለት ሰዎች ስለ ቁንዶ በርበሬው ተጣሉ፣ የተፈጨ ነው ያልተፈጨ? አንደኛው "ሆይት ራሱ ነው የነገረኝ" ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ኤፕሪል 6፣ ቅዳሜ

ሱቅ ሄድኩ። አሬራ የለም። ልጅቷ "ዓሣ አጥማጆቹ ጠራርገው ወሰዱት" አለችኝ። ስለዚህ በአሬራ የምጋግረው የነገ ቁርስ ዳቦዬ ቀረ። የዘራሁትን አጨድኩ ማለት ይኼ ነው።

ሙቀቱ ጨምሯል። የአሬራ ባልዲ ጀልባ ውስጥ በፀሐይ ሲውል ምን እንደሚሸት… ጀልባ ማስገቢያው ላይ ያሉት ውሾች ዓሣውን ትተው የአጥማጆቹን ፒክአፕ መኪና መከተል ጀምረዋል። የሮይስ ሚስት ልብሱን በረንዳ ላይ እንዲያወልቅ አዛለች።

ልጄ ካርላ ከበርሚንግሃም ደወለች። ስለ አሬራው ሁሉንም ነገርኳት። ሳቀች፣ ሳቀች፣ ከዚያ ጠየቀችኝ።

"እማ፣ አባዬ ቢሰማ ምን ይል ነበር?"

ይስቃል አልኳት። ይስቃል… አይደል?

ኤፕሪል 13፣ ቅዳሜ

ሮይስ አንድ ነገር ላሳይዎ ብሎ መጣ። ከቦርሳው ጠርሙስ አወጣ። ውስጡ ነጭ ነገር። ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፏል፤ "የሆይት ምስጢር" ይላል፣ ከስሩ የሆይት ፎቶ። ቀብሩ ላይ ያደልነው ፎቶ ነው። ሰማያዊ ሸሚዙን የለበሰበት።

በየማጥመጃ ሱቁ እንሸጠዋለን፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ በመታሰቢያ ውድድሩ ላይ እናስተዋውቀዋለን፣ ዋንጫውን የሚሰጡት እርስዎ ነዎት አለ። በጣም ደስ ብሎታል። ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር።

ጠርሙሱን በእጄ ያዝኩት። ሆይት ከጠርሙስ ላይ አየኝ። ያ ሰው በሕይወቱ አንድም ቀን አልዋሸም፤ የዓሣ ክብደት እንኳ አይጨምርም ነበር። በዚህ ይስቁበት ነበር። አሁን እኔ የቁንዶ በርበሬ ነጋዴ አደረግሁት።

"ፎቶውን አንሣ፣ ሮይስ" አልኩት።

"ሚስ ቨርና፣ ፎቶው እኮ ነው የሚሸጠው።"

"ለዚያ ነው አንሣ የምልህ።"

እናስብበታለን ብሎ ሄደ። ጠርሙሱን ረስቶት ነው የሄደው። ፍሪጅ ውስጥ ማስገባት ከበደኝ፣ መጣልም ከበደኝ። ፎቶውን በሙቅ ውሃ አላቀቅሁት፣ የቀረውን ደፋሁት።

ኤፕሪል 17፣ ረቡዕ

ምን ብዬ እንደምናገር እየተለማመድኩ ነው። ዕቃ እያጠብኩ። "ክቡራን የክለቡ አባላት…" ኤጭ። እንደ ከንቲባ።

ኤፕሪል 20፣ ቅዳሜ

የመታሰቢያው ውድድር። ሰው ሞልቷል፣ ሽታው ከሰው በላይ ሞልቷል። የቺዝ ፋብሪካ ቢቃጠል እንዲህ አይሸትም። ጀልባዎቹ ተራ በተራ ገቡ፣ ዓሣ ተመዘነ። ዴልመር ብቻውን በአሮጌዋ ጀልባው መጣ፣ ባዶ እጁን። አሬራ የማይሸተው እሱ ብቻ ነበር። ከሰው ራቅ ብሎ ዛፍ ስር ቆመ።

ሮይስ አንደኛ ወጣ። እንዴት ነው ነገሩ። ዋንጫውን ይዤ ማይክሮፎኑ ጋ ቆምኩ። የተለማመድኩት ሁሉ ጠፋ።

"አሬራው ውሸት ነው" አልኩ። "እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ዶሮ እየዘፈዘፍኩ ነበር።"



"ዓሣዋን መንጠቆ ላይ የማስገባት እኔ ነበርኩ። ሆይት ይወረውርና ይተኛ ነበር። ያሸነፋችሁ ተኝቶ ነው።"

መጀመሪያ አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ከዚያ ሁሉም፣ ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸውን እየጠረጉ። ሮይስ ማይክሮፎኑን ከእጄ ወሰደና ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ "ወንድሞቼ፣ ሚስት ማለት ይህች ናት! ምስጢሩን ከመቃብር በኋላም ትጠብቅለታለች!" አለ። አጨበጨቡ። ቆመው።

እውነት ተናግሬ ጭብጨባ ያገኘሁት በሕይወቴ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ግን አንድም ሰው አላመነኝም።

አይ፣ አንድ ሰው አምኖኛል። መኪናዬ ጋ ስደርስ ዴልመር ቆሞ አገኘሁት። ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል።

"ለምንድን ነው የሚተኛው?" አለኝ።

ከሕዝቡ ሁሉ ይህን የጠየቀ እሱ ብቻ ነው። አስምሎኛል… ግን ያስማለኝ ሰው ጠርሙስ ላይ ሊለጠፍ ምንም አልቀረውም ነበር። ነገርኩት። ስለ እጁ፣ ስለ ኪኒኑ፣ የቡና ሲኒ በሁለት እጁ መያዝ እንደ ጀመረ። ዴልመር መሬት መሬት እያየ ሰማ።

"ዓመት ሙሉ ምን አጠፋሁ እያልኩ ነበር" አለ። "ስልኩን እያየሁ… ምን ተናግሬው ነው እያልኩ።"

"ምንም አላጠፋህም።"

"መንጠቆውን እኔ አስገባለት አልነበር፣ ቨርና? ያቅተኛል?"

"ለዚያ እኮ ነው ያልነገረህ" አልኩት። "እንደምታስገባለት ስለሚያውቅ።"

ፊቱን አዞረ። ወደ ሐይቁ እያየ ብዙ ቆመ። እኔም የመኪናዬን ቁልፍ ቦርሳዬ ውስጥ ስፈልግ ቆየሁ፣ በእጄ ይዤው።

ኤፕሪል 21፣ እሑድ

ዴልመር መጣ። ያለ ዶሮ። ቧንቧውን ጠገነልኝ። ስለ ሆይት ብዙ አወራን፤ ያወራልኝን ሁሉ አውቀዋለሁ። ደስ የሚለውም ይኼው ነው።

ኤፕሪል 29፣ ሰኞ

ሮይስ ደወለ። ስለ ፎቶው አስቤበታለሁ፣ ፈቃድዎን አከብራለሁ አለ። ጠርሙሱ ላይ የራሱን ፎቶ አድርጓል።

ማጥመጃ ሱቁ ሄጄ አየሁት። ዋንጫውን አቅፎ። በሌላኛው እጁ ነጯን ዓሣ ይዟል፣ መንጠቆው ላይ ተጣምማ።

ሜይ 4፣ ቅዳሜ

ካርላ ጀልባውን ሽጪው ትላለች። ልክ ናት ይሆናል። ከመሸጤ በፊት ግን አንድ ቀን ከዴልመር ጋር ብወጣስ ብዬ አሰብኩ። ውድድር አይደለም፣ ደንብ የለም፣ ዘንግ እይዛለሁ።

ጀልባው የተጫነበትን ተጎታች ወደ ኋላ መንዳት ያቃተኝ እንዲህ ነው፦ ወደ ቀኝ ስል ወደ ግራ፣ ወደ ግራ ስል አጥር ላይ። የክለቡ ሰዎች ቡናቸውን ይዘው ቆመው አዩኝ። ሁሉም እጁን እያወናጨፈ መራኝ፣ እያንዳንዱ ወደተለያየ አቅጣጫ። በመጨረሻ ዴልመር በመስኮቱ ብቅ ብሎ "ማንንም አትመልከቺ፣ መስተዋቱን እይ" አለኝ። ጀልባዋ ውሃው ውስጥ ገባች።

ውሃው ላይ ግን አቤት ውርደቴ። መንጠቆውን አውቃለሁ፣ ዓሣዋ ቀጥ ብላ ትዋኛለች። ነቅነቅ፣ ነቅነቅ፣ ተው። ክሩ ወደ ጎን ሄደ። ደነገጥኩና ባለ በሌለ ኃይሌ ሳብኩ። ዓሣዋ ከውሃው ወጥታ የዴልመርን ጆሮ ስታ አለፈች። ደግሞ ነካኝ። ደግሞ ሳብኩ። አንድም አልያዝኩም። እነዚያን ወንዶች ስንት ዓመት ስስቅባቸው ኖርኩ… እኔ ግን ከሁሉም ባስኩ።

"ከነካሽ በኋላ አንድ ነገር አስቢ" አለኝ ዴልመር። "ስለ ሌላ ነገር። ከዚያ ሳቢ።"

ስለ ምን?

ሜይ 11፣ ቅዳሜ

ሁለት ያዝኩ። ትናንሽ። ለቀቅኳቸው። ሲነኩኝ የማስበውን ለዴልመር አልነገርኩትም። ለማንም አልነግርም። እዚህም አልጽፈውም።

ለካርላ ጀልባው አይሸጥም አልኳት። "እማ" አለችና ሌላ ነገር አልጨመረችም።

ሜይ 18፣ ቅዳሜ

ጭጋግ። ዴልመር ወገቡን አሞት ቀረ፤ ብቻዬን ወጣሁ። ተጎታቹን በአንዴ አስገባሁ፣ ያየኝ ሰው አልነበረም፣ እንዲህ ነው ዕድል።

ከድልድዩ ወዲህ ሣሩ ጫፍ ላይ ወረወርኩ። ነቅነቅ፣ ነቅነቅ፣ ተው። ክሩ ቀስ ብሎ መሄድ ጀመረ። አልደነገጥኩም። ጠበቅሁ… ጠበቅሁ። ሳብኩ። ዘንጉ እስከ ውሃው ጎበጠ። ባሷ ጀልባዋን ዞር አደረገቻት። አንዴ ብቻ ወጣች፣ አፏ እንደ ባልዲ፣ ራሷን ነቅንቃ ሁለታችንንም አየችን፣ እኔንና ነጯን ዓሣ፣ ከዚያ መንጠቆውን ተፍታ ሄደች። ተቀምጬ ሳቅሁ። እጄ መንቀጥቀጥ አልተወም።

ዳር ስወጣ ሮይስና ሰዎቹ ከበቡኝ። በምን ነካችዎ፣ የት ነካችዎ፣ ምን ያህል ትሆናለች? ሰባት ፓውንድ አልኳቸው። ለዴልመር በስልክ ስምንት አልኩት። ካርላ ስትደውል ስምንት ተኩል ሆነች።

እዚህ ግን የሚያነብ የለም፣ እውነቱን ልጻፍ።

ዘጠኝ።